ቀኝ ክንድሽ አይታጠፍ

ጥቅምት 6

ማሙሽ፣

እንዴት ከረምክ? ፀጉርህ ሸብቶም በዚህ ስም መጥራቴ እንደሚያናድድህ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ጋሼህ ያወጣልህን ስም የመለወጥ ሥልጣን የለኝም።

ስልክ የማላነሳው ተቀይሜህ እንደሆነ ጠይቀሃል። አልተቀየምኩህም። ድምፅህ ነው። የአንተና የወንድምህ ድምፅ አንድ መሆኑን እሱ በሕይወት እያለ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ከቀብሩ በኋላ ደውለህ "እትዬ" ስትለኝ መጋረጃ የምቆርጥበት ጠረጴዛ ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ስለዚህ ጻፍልኝ። ጽሕፈትህ የራስህ ነው፤ ደግሞ አስቀያሚ ስለሆነ ማንንም አያስታውሰኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የጎልፍ ክበቡ ጸሐፊ ሱቅ ድረስ መጥቶ ነገረኝ። ደንባቸው እንዲህ ነው፤ አባል ሲሞት ቦታው ለባል ወይም ለሚስት ይተላለፋል፣ ግን ተቀባዩ የሚጫወት ሰው መሆን አለበት። የካቲት ሳያልቅ በጸሐፊው ፊት ሦስት ጉድጓድ በሃያ አንድ ምት ከጨረስኩ የጋሼህ ቦታ የእኔ ይሆናል። ካልጨረስኩ ተራ ለሚጠብቀው ሰው ይሰጣል። አባል ያልሆነ ሰው ደግሞ ከአጥሩ ጥግ ካለው መለማመጃ አልፎ አይገባም።

እየሳቅክ እንደሆነ ይታወቀኛል። ያ ሜዳ ዕድሜ ልኬን ጣውንቴ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ጠዋት ከአጠገቤ እየነጠቀ ሲወስደው፣ እኔ የሰው መጋረጃ እየሰፋሁ ስጠብቅ ስንት ዓመት አለፈ! ሲመለስ "ምን አለ እዚያ?" እለዋለሁ። "ምንም" ይለኛል፤ ፊቱ ግን ምንም የሌለበት ቦታ የዋለ ሰው ፊት አይመስልም። አሁን እሱ ሄዶ እኔና ጣውንቴ ቀረን። እሷንም ካጣሁ ስለ እሱ የምጠይቀው አይኖረኝም። የረገጠውን ሣር ረግጬ እሱ ያየውን ማየት እፈልጋለሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

የባንክ ሥራ አስኪያጆችን ጎልፍ እያስተማርክ ወገባቸውን ካቃናህ የአንዲት መጋረጃ ሰፊ ወገብ አያቅትህም። በደብዳቤ አስተምረኝ። አለዚያም መጥተህ አስተምረኝ፤ ከቀብሩ ወዲህ ዞር ብለህ አላየኸኝም።

እትዬህ


ጥቅምት 20

እትዬ፣

አልሳቅኩም። ደብዳቤሽን ኳስ ከምናጥብበት ባልዲ አጠገብ ቆሜ ሳነብ ተማሪዬ ትቶኝ ሄደ፤ ልብም አላልኩትም። ከሁሉ ያስደሰተኝ የጋሼ የጎልፍ ዱላዎች ሥራ አለመፍታታቸው ነው። ለእሱ የሚሆን በየሱቁ ስለማይገኝ እኔ ነበርኩ ያስመጣሁለት። አሁን አንቺ እጅ ላይ ናቸው ብዬ ሳስብ ሆዴን ሞቅ አለው።

መምጣቱን በተመለከተ፣ አሁን የተማሪ ወቅት ነው። እናያለን።

በይ እንግዲህ ቁሚ። ዱላውን ስትይዢ ቀኝ እጅሽ ከላይ ይሁን፣ ግራው ከታች። እንደ ሌባ እጅ አትጨምድጂው፤ የታመመ ሰው እጅ እንደያዝሽ አድርጊው። ዱላውን ወደ ኋላ ስታነሺ ክብደትሽ ግራ እግርሽ ላይ ይረፍ፣ ስትመቺ ወደ ቀኝ እግርሽ ይመለስ። ዓይንሽ ከኳሷ አይነሳ። ይህ ሁሉ ቢጠፋብሽ ግን አንዷን አትርሺ፤ ቀኝ ክንድሽ አይታጠፍ። ጋሼን ይህችን ብቻ ለማስለመድ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። ክንዱ ከታጠፈ ምቱ ሁሉ ይታጠፋል።

መጀመሪያ ያለ ኳስ፣ ቤት ውስጥ፣ መስታወት ፊት ተለማመጂ። አትቸኩዪ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ፤ ያንን ያለ ሰው ጎልፍ ባያውቅም ምቱን ያውቀዋል።

ማሙሽ (አንቺ ስላልሽ ብቻ)


ኅዳር 11

ማሙሽ፣

ስለ ወገቤ እንዳትጨነቅ። ወገቤ ደህና ነው፤ የተጎዳው የሳሎኑ አምፖል ነው። እንዳልከኝ መስታወት ፊት ቆሜ በመጥረጊያ እንጨት ስለማመድ ነበር። ረዳቴ ድምፅ ሰምታ ከሱቁ ሮጣ ስትመጣ ቀኝ ክንዴን ገትሬ፣ ፀጉሬ ላይ የአምፖል ስብርባሪ ተበትኖ አገኘችኝ። "ወይ ጉዴ! እትዬ አበዱ!" ብላ መቀሷን ጣለች። መጫወቻ መሆኑን ሳስረዳት ደግሞ ይብስ አዘነችልኝ።

የጋሼህን ዱላዎች አንስተህ ነበር። ደህና ናቸው፤ ከአቧራ ጠብቄያቸዋለሁ።

መለማመጃው ላይ ግን ሌላ ነገር ነው። ከወንዶቹ ራቅ ብዬ አጥሩ ጥግ እቆማለሁ። ያልከውን ሁሉ አደርጋለሁ። ቀኝ እጅ ከላይ፣ ክብደት በግራ እግር። ቀኝ ክንዴማ ቢሞት አይታጠፍም። ከዚያ እመታለሁ። ኳሷ አትነሳም ማሙሽ! ሣር ለሣር ተንከባልላ ሁለት ጋቢ የማያሰጣ ርቀት ላይ ቁጭ ትላለች። አንዳንዴም ጭራሽ አልነካትም፤ መሬቱን ብቻ ቆፍሬ እመለሳለሁ።

ጋሼህ "ሻምበል" ይለው የነበረው የመለማመጃው ኃላፊ ሽማግሌ ደጋግሞ ይመጣብኛል። "እመቤቴ፣ እጆችዎ ተገላብጠዋል፤ ከላይ የሚሆነው ግራው ነው" አለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ "መታጠፍ የሌለበት ግራ ክንድዎ ነው" ብሎ መጣ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። ሲያሰለቸኝ "የእኔ አስተማሪ ይህንኑ ሲያስተምር ያረጀ ሰው ነው፤ እዚሁ እርስዎ ሜዳ ላይ ዋንጫ የበላ ነው" አልኩት። ዋንጫ እንዳልበላህ አውቃለሁ። ግን አናደደኝ። የሰው ቤተሰብ ትምህርት ውስጥ ምን አገባው?

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሜዳ ላይ ስትሆኑ ጋሼህ ስለ እኔ ያወራ ነበር? ሲያማኝም ከነበረ ንገረኝ፣ አልቀየምም።

እትዬህ


ኅዳር 28

እትዬ፣

አላማሽም። አላወራምም። ቤት ውስጥ የምታውቂው ቀልደኛ ሰውዬ የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ዝም ይላል። እኔ እለፈልፋለሁ፣ እሱ ይሄዳል። ኳሷን መትቶ አየር ላይ እስካለች ትንፋሹን ይይዝና መሬት ስትነካ "እሺ" ይላል። ምቱ ቢያምርም "እሺ" ነው፣ ቢበላሽም "እሺ" ነው። ለማን እንደሚመልስ ጠይቄው አላውቅም፤ አሁን ይቆጨኛል።

ስለ አንቺ ያለው አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ዝናብ ይዞን ዛፍ ሥር ቆመን ነበር። ሣሩ ታጥቦ አረንጓዴው አብረቅርቋል። ረጅም ጊዜ አየውና "እሷ ይህን ብታይ ቆርጣ መጋረጃ ታደርገው ነበር" አለ። ብቻውን ሳቀ። ከዚያ ዝናቡ አባራና ሄድን።

ወደ ምትሽ ልመለስ። ሻምበል ደግ ሰው ነው፣ ግን ዓይኑ ደክሟል፤ አትስሚው። ኳሷ የማትነሳው በቦታዋ ስላላስቀመጥሻት ይመስለኛል። ረጅሙን ዱላ ስትይዢ ኳሷ ቀኝ ተረከዝሽ ትይዩ ትሁን። ይህም ካልረዳሽ አንድ መላ አለኝ። ከዚያ ከመጋረጃ መቁረጫ ወረቀትሽ ሰፋ ያለ ቅደጂና ስትመቺ እንደምትቆሚው ቁሚበት። ረዳትሽ እግርሽን ዙሪያውን በእርሳስ ታስምርልሽ። ኳሷ ያለችበትን በነጥብ፣ የምትሄድበትን አቅጣጫ በቀስት አሳይተሽ ላኪልኝ። እግርሽን ካየሁ የቀረውን አካልሽን አየሁት ማለት ነው።

ማሙሽ


ታኅሣሥ 10

ማሙሽ፣

ወረቀቱን ከዚህ ጋር አጥፌ ልኬልሃለሁ። ረዳቴ እግሬን ዙሪያውን ስታሰምር ኮረኮረችኝ፤ ስለዚህ የግራው ትንሽ ጣት አጠገብ መስመሩ ቢጣመም ጣቴ ጠማማ ሆኖ አይደለም። ሰማያዊው ነጥብ ኳሷ ናት። ቀዩ ቀስት የምትሄድበት ነው፤ መሄድ ካልነው።

"ተስፋ ቆረጥሽ ወይ" ካልከኝ፣ አዎ፣ ትናንት ቆርጬ ነበር። የሰው ሁሉ ሥራ በልምምድ ይሻላል፣ የእኔ በልምምድ ይብሳል። ኳሷን ወደ ቀኝ ተረከዜ ካመጣኋት ወዲህ እንኳን ልትነሳ ጭራሽ መሬት ውስጥ ልትገባ ነው። ወንዶቹ ዱላቸውን አስቀምጠው ያዩኛል። የሚስቁብኝ ከሆነ ግድ አልነበረኝም፤ የሚያዝኑልኝ ናቸው ቅስሜን የሰበሩት። እቤት ስገባ አለቀስኩ፤ ደግሞ በኳስ አለቅሳለሁ ብዬ ራሴ ላይ ሳቅኩ።

እውነቱን ንገረኝ። ዕድሜዬ ነው? ስልሳ አንድ ዓመት የሞላው፣ ዕድሜ ልኩን ጎንበስ ብሎ የሰፋ ወገብ ከእንግዲህ አይዞርም ካልክ ተቀብዬ ልቀመጥ። ብቻ ጋሼህን ሁለተኛ የቀበርኩት ያህል ይሆንብኛል፤ ይህንንም ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ።

እትዬህ


ታኅሣሥ 26

እትዬ፣

ይህን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ወረቀትሽ ደረሰኝ። ተማሪ የሌለበትን ሰዓት ጠብቄ ዕቃ ቤቱ ወለል ላይ ዘረጋሁትና ጥግ ጥጉን በኳስ ባልዲ ያዝኩት። እግርሽ ይህን ያህል ትንሽ መሆኑን አላውቅም ነበር። ጫማዬን አውልቄ ቆምኩበት። ኳሷ እንዳልኩሽ ቀኝ ተረከዝሽ ጋ ናት። የእግሮችሽ ክፍተትም ልክ ነው። ከዚያ ቀዩን ቀስት አየሁት። ወደ ግራ ያመለክታል። ተሳስታለች ብዬ ወረቀቱን አዞርኩት፣ ጣቶችሽ ወደ እኔ ዞሩ። መልሼ አዞርኩት። አሁንም ወደ ግራ ነው።

እትዬ፣ ጋሼ ግራኝ ነበር። ዱላዎቹም የግራኝ ናቸው፤ የሚመታው ፊታቸው በሌላ በኩል ነው። በእነሱ የምትመታ ኳስ ወደ ቀኝሽ እንጂ ወደ ግራሽ ልትሄድ አትችልም። ስለዚህ አንቺ እጅ ላይ ያለው የእሱ ዱላ አይደለም። እንደማንኛውም ሰው ዱላ የቀኝ ነው።

ሻምበል ልክ ነበር፤ ዓይኑ የደከመው እኔ ነኝ። ያስተማርኩሽ ሁሉ የግራኝ ምት ነው። ቀኝ ክንዱ የማይታጠፈው ግራኝ ነው፤ ቀኝ እጁን ከላይ የሚያደርገውም እሱ ነው። አንቺ በያዝሽው ዱላ እኔ ያልኩሽን ያደረገ ሰው መሬት ቢቆፍር አይፈረድበትም። ዕድሜሽም ወገብሽም ምንም አላጠፉም።

ለምን ሌላ ዱላ እንደያዝሽ አላውቅም፤ ብትነግሪኝ ደስ ይለኛል። እኔ ግን ለማንም ጀማሪ ከሁሉ በፊት "ቀኝ ነህ ግራ?" ብዬ እጠይቃለሁ። አንቺን አልጠየቅኩሽም። ለምን እንዳልጠየቅኩሽ እዚያው ወረቀትሽ ላይ ቆሜ ገባኝ።

ጋሼን ሳስተምር ፊት ለፊት ነበር የምንቆመው። እኔ ቀኝ፣ እሱ ግራ፤ መስታወት እንደሚያይ ሰው እኔን እያየ ይመታል። ለአንቺ ልጽፍ ስቀመጥ ዓይኔን እጨፍንና ፊት ለፊቴ የቆመውን ሰው አያለሁ፤ ያየሁትንም እጽፋለሁ። የቆመው እሱ ነው። ለአንቺ የጻፍኩ መስሎኝ ለእሱ ስጽፍ ነው የከረምኩት። ይቅር በይኝ። ናፍቆኛል እትዬ። ማንም ስላልጠየቀኝ ለማንም አልተናገርኩም እንጂ በጣም ናፍቆኛል።

ማሙሽ


ጥር 8

ማሙሽ፣

ይቅርታ ጠያቂዋ እኔ ነኝ። የጋሼህ ዱላዎች ሥራ ባለመፍታታቸው ደስ አለኝ ስትለኝ ደስታህን ላበላሸው አፌ እምቢ አለኝ። እውነቱ ይኸውልህ። ዱላዎቹ ከሞተ ጀምሮ መኝታ ቤት ጥግ ናቸው። ትርፍ የመጋረጃ ጨርቅ አልብሻቸዋለሁ። ያኔ ልጀምር ስል ገልጬ ትልቁን ያዝኩት። የእጀታው ጎማ አውራ ጣቱ የሚያርፍበት ላይ ተሰርጉዷል። የዚያን ሰው አውራ ጣት ዓይኔን ጨፍኜ ለይቼ አውቀዋለሁ። መልሼ ሸፈንኩትና ከሜዳው ዕቃ ቤት ሌላ ተከራየሁ፤ የሰጡኝን ተቀበልኩ።

መቀስ ቀኝና ግራ እንዳለው አውቃለሁ። ጋሼህ በእኔ መቀስ ክር መቁረጥ አቅቶት ሲራገም ኖሯል። ዱላም እንደዚያ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ሻምበልን ይቅርታ ጠየቅኩት። እሱ እቴ፣ "ባልዎ ሲናደዱ እንደዚሁ ነበሩ፣ ለምጄዋለሁ" አለኝ።

ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅ አፈነኝ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ረዳቴ ገብታ እንባዬን አየችና በሩን ዘግታልኝ ወጣች። ለእሱ ስትጽፍ በመክረምህ አትፈር። አንተ ለእሱ የጻፍከውን እኔ ስታዘዝ ከርሜያለሁ። መስታወት ፊት በመጥረጊያ እንጨት ስለማመድ አንዳንድ ቀን የራሴ ያልሆነ ትከሻ የያዝኩ ይመስለኝ ነበር፤ ደስ ይለኝም ነበር። አሁን የማን እንደሆነ ገባኝ።

ብቻ የካቲት እየቀረበ ነው። ምን ይሻለኛል?

እትዬህ


ጥር 21

እትዬ፣

ያለ ማባበል ልንገርሽ። የለመድሽውን ሁሉ ጥለሽ በቀኝ ዱላ እንደ አዲስ ብትጀምሪ ጊዜው አይበቃሽም። የጋሼን ዱላ ብታነሺ ግን ይበቃሻል። አካልሽ የግራኝ ምት ተምሯል፤ የጎደለው የግራኝ ዱላ ብቻ ነው። ፊትሽን አዙረሽ ቁሚ፣ ዱላው ስለሚረዝምብሽ ዝቅ አድርገሽ ያዢው። የቀረውን ከእኔ ይልቅ ክንድሽ ያውቀዋል። እንዲህ ካደረግሽ ታልፊያለሽ፤ ቦታውም ከቤታችን አይወጣም። ቦታው እንዳይወጣ የምፈልገው ለራሴም ጭምር ነው። ጎማውን መያዝ አንጀትሽ ካልቻለ ደግሞ አልፈርድብሽም።

መጥተህ አስተምረኝ ብለሽኝ ነበር፣ እኔም የተማሪ ወቅት ነው ብዬሽ ነበር። ተማሪ የለም። ይህ ወቅት ጭር ያለ ነው፤ ውሎዬ ኳስ ማጠብ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ ቆሜ ፊት ለፊቴ ሰው አለመኖሩን ማየት አልቻልኩም። ይኸው ነው እውነቱ።

ማሙሽ


የካቲት 7

ማሙሽ፣

ገለጥኳቸው። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ትልቁን አወጣሁና እጄን ስርጉዱ ላይ አሳረፍኩ። ጎማው ቀዝቃዛ ነበር፤ ቆየት ሲል ሞቀ።

መለማመጃው ላይ ፊቴን አዙሬ ቆምኩ። ክብደቴ ግራ እግሬ ላይ አረፈ፣ ቀኝ ክንዴ አልታጠፈም። ኳሷ ተነሳች። ተነሳች ማሙሽ! አጥሩን፣ ዛፉን፣ ሁሉን አልፋ ሄደች። ከኋላዬ የሆነ ነገር ተንኳኳ። ዞር ስል ሻምበል ባልዲ ጥሎ ኳሶቹ እግሩ ሥር ተበትነዋል። "ከኋላ ሳይዎት ደነገጥኩ። እሳቸው መሰሉኝ" አለ።

ፀሐይዋ እስክትከር ድረስ መታሁ። ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን ከእሱ ጋር ሆኜ አላውቅም። ማሙሽ፣ ደስታዬን እንዴት ልንገርህ! ከዚህ በላይ ምንም አልፈልግም ነበር።

እቤት ስመለስ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። እኔ የሄድኩት እሱ ያየውን ለማየት ነበር። በእሱ ዱላ ግን ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ሜዳው አልታየኝም። ይህን ለማንም ብነግር የዱላውን ዋጋ ጠይቆ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል፤ አንተ ግን ትረዳኛለህ።

በየትኛው ዱላ እንደምፈተን መጠየቅህ አይቀርም። አትጠይቀኝ።

እትዬህ


የካቲት 29

ማሙሽ፣

እንዳትጨነቅ ውጤቱን አስቀድሜ ልንገርህ። ወደቅኩ። በሃያ አንድ ማለቅ የነበረበትን በሃያ ስድስት ጨረስኩ።

የገባሁት በተከራየሁት በቀኝ ዱላ ነው። ባለፉት ሦስት ሳምንታት ሻምበል እጄን አገላብጦ ከሀ ሲያስጀምረኝ ከርሟል። ግራ ክንድ አይታጠፍም፣ ክብደት በቀኝ እግር። አንተ በደብዳቤ ያስገባኸውን እሱ በቁጣ ያስወጣው ነበር። ጸሐፊው የመጨረሻው ኳስ ሲገባ ወረቀቱን አይቶ ከልቡ አዘነ። "ያኛውን ዱላ ይዘው ቢሆን ያልፉ ነበር፤ እንዴት እንደሚመቱበት የመለማመጃው ኃላፊ ነግረውኛል" አለኝ። "በእሱ ብመታ ቦታውን የምትሰጡት ለእሱ ነው" አልኩት። የገባው አይመስለኝም፤ ጨዋ ሰው ስለሆነ ግን ራሱን ነቀነቀልኝ።

ሦስተኛው ጉድጓድ ላይ፣ አስቀድሜ መውደቄን ካወቅኩ በኋላ አንዷ ተነሳች። በዚያ በተራው ዱላ፣ በራሴ ግራ ክንድ ተነሳች። አየር ላይ እስካለች ድረስ የሚያሳስበኝ ነገር አልነበረም። ሐዘኑም አልነበረም። እሱም ራሱ አልነበረም፤ ይህን ስጽፍልህ አላፍርም። ሰማዩ፣ ሣሩና እሷ ብቻ ነበሩ። ያን ሁሉ ዘመን "ምን አለ እዚያ?" ስለው "ምንም" ያለኝ እየሸሸገኝ አልነበረም። ሰው አንዳንድ ጊዜ ምንም የሌለበት ቦታ ያስፈልገዋል። ከአጠገቤ እየነጠቀ የወሰደው ይህ ከሆነ ይቅር ብዬዋለሁ፤ ጣውንቴንም ይቅር ብያታለሁ።

ቦታው ለባለ ተራው ተሰጠ። ጸሐፊው ሊሄድ ሲል "እኔን ደግሞ ተራ ከሚጠብቁት መጨረሻ መዝግቡኝ" አልኩት። "የእሳቸው ባለቤት ብዬ ልጻፍ?" አለኝ። "የለም፣ በራሴ ስም ጻፈኝ" አልኩ። አራት አምስት ዓመት ይፈጃል ይላሉ። ስልሳ ስድስት ይሆነኛል። ይሁን፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የወንድምህን ቦታ ግን አጣሁብህ። ለአንተም ቦታ እንደነበረ ጽፈህልኝ እያወቅኩ ነው ያደረግኩት። አዝነህብኝ ከሆነ ጻፍልኝ፤ ካላዘንክም ጻፍልኝ።

እትዬህ


መጋቢት 14

እትዬ፣

አዝኛለሁ። ደብዳቤሽን አንብቤ አንድ ቀን ሙሉ አዘንኩ፤ አልዋሽሽም። በማግስቱ ደገምኩትና ያችን ተነስታ የሄደች ኳስ አየኋት። ዓይኔን ጨፍኜ ፊት ለፊቴ የቆመውን ስፈልግ እሱን አላገኘሁትም። እጆቿን አስተካክላ የያዘች፣ እግሯ ትንሽ የሆነች አንዲት ሴት ቆማለች። ከእኔ ጋር በአንድ በኩል ነው የምትመታው። ዘመኔን ሙሉ ሳስተምር እንደዚያ የኮራሁበት ተማሪ የለኝም፤ ያስተማራትም ሻምበል ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ይህን ያህል ዘመን የሰው ሜዳ ላይ ስኖር የየትም ክበብ አባል ሆኜ አላውቅም። አስተማሪ በጓሮ በር ነው የሚገባው። እናንተም ዘንድ የምገባው በጋሼ እንግድነት ነበር፤ እሱ ሲሄድ የምገባበት በር የተዘጋብኝ መስሎኝ ነው የቀረሁት። ጸሐፊው ዘንድ ሂጂና ከአንቺ ስም ሥር የእኔን አስጽፊልኝ። አራት ዓመትም ይሁን አምስት፣ ከኋላሽ እጠብቃለሁ።

ተራ ደግሞ ከሩቅ አይጠበቅም። እዚህ ለቀጣሪዎቼ ነግሬያለሁ፣ ዕቃዬንም መሸከፍ ጀምሬያለሁ። ለሜዳው ቀረብ ያለ አንድ ክፍል አፈላልጊልኝ። ጠባብ ቢሆንም ግድ የለኝም፤ ብዙ ቤት አልውልም።

ወንድምሽ